አንድ ነጥብ ስምንት ግራም

ሙሐረቅ፣ ከዓሣ ገበያው ጀርባ፣ ሦስተኛው ፎቅ ላይ፣
የሐጂ ሸሪዳን ሳሎን መጋረጃ ገልጠህ ብታይ፣
ሦስት የሸክላ ማጫወቻ ቆሟል በተርታ፤
ዋጋቸው ጀልባ ይገዛል፣ ከነሞተሩ፣ ከነወደብ ቦታ።

አንደኛው ጀርመን፤ ለአራት ነው የተሸከምነው፣
እንደ መሠረት ድንጋይ፣ አንዴ ካረፈ የማንነቀንቀው።
ሁለተኛው ከስኮትላንድ፣ በሞላ ላይ የተንጠለጠለ፣
ሱሬንድራን ቢያስነጥስ «ምን አልክ?» እንደሚል ያለ።
ሦስተኛው ጃፓን፤ ሳህኑ በአየር ላይ ተንሳፍፎ፣
ድምፁ ንጹሕ፣ እንደ ሆስፒታል አንሶላ፣
ሰው ሳይተኛበት የቀረ፣ ተጣጥፎ።

ሐጂም «አንተ የድሬዳዋ ሰዓት ሠሪ፣
ከሦስቱ የቱ ነው ሸጋ? የቱ ነው መሪ?»

ዝም አልኩ።
ሳህን ይዞራል፤ ዕጣው መዞር ነው።
ነገሩ ክንዱ ጋ ነው። ክንዱም ጋ አይደለም፣ መርፌዋ ጋ ነው።
መርፌዋም ጋ አይደለም፤
ሁለቱ ሲጋቡ ሽማግሌ የላከ የለም።

የዳራቸው ገንዘብ ነው። ውድ ለውድ ተባለና
እሷ ጉልበተ ለስላሳ፣ እሱ የብረት ቁመና፤
ሸክላው ጥቂት ከጎበጠ ክንዱ ይዘላል፣
የስፒከሩ ሆድ ሮጦ እንደመጣ ሰው ይነፋል፣ ይሟሽሻል።
ሐጂ «ሞተሩ ነው» ይላሉ።
እኔ «ጋብቻው ነው» እላለሁ።

ለግትር መርፌ ከባድ ክንድ፣ ለልስልሷ ቀላል።
በቋንቋዬ ይህ ሥራ መግጠም ይባላል፤
ስንኝ ለሚደረድርም ሰው ስሙ ይኸው ነው።
በዓረብኛ ልነግራቸው ብዬ
ቃሉ መዳፌ ላይ ቀረ፣
ቀዳዳው እንደጠፋበት ብሎን።

ሦስት ቀን። ነሐሴ። ኤሲውን አጥፍተን፣
ጉርምርምታው በጠረጴዛው እግር እንዳይገባብን።
ከጉጃራቲው ወርቅ ሠሪ ሚዛን ተዋስኩ፤
ከመቶኛዋ ግራም ጋር እስከ እኩለ ሌሊት ተጨቃጨቅኩ።
ላቤ ከአፍንጫዬ ጫፍ ሊወድቅ ሲል
ሱሬንድራን በመሐረብ ይቀልበዋል።

ከዚያ መሳቢያ ውስጥ፣ ከቢጫ ደረሰኞች ሥር፣
አንድ ቀጭን ክንድ፤
ሐጂ በጎረምሳነታቸው የገዙት፣
ሊሸጡት ሳስተው፣ ሊያሳዩት አፍረው የደበቁት።
የደመወዜን ሩብ የማታወጣ መርፌ አሰርኩለት፣
በስኮትላንዱ ላይ ገጠምኩት።

«የቱን ሸክላ?» አልኳቸው።
ትንሿን አመጡ፣ ጠርዟ የተሸረፈውን፣
ሸምግለው ባሕር የተዉ ዕንቁ ጠላቂዎች
በአንድ ማታ ያዜሙባትን።

ጠላቂ በእግሩ ድንጋይ አስሮ ይወርድ ነበር አሉኝ፤
ድንጋዩ ከቀለለ ባሕሩ መልሶ ይተፋዋል፣
ከከበደ ያስቀረዋል።
እኔም ሚዛኑን አየሁ።
አንድ ነጥብ ስምንት።
መርፌዋ ወረደች።

ጭብጨባው መጣ፣ የጀልባ ወለል የሚመታ እግር መጣ፣
ከሥሩ ያ ወፍራም ጉርምርምታ፣ ከጉሮሮ ሳይሆን ከጭቃ የሚወጣ።
ሐጂን ዞሬ ሳያቸው
አፍንጫቸውን በሁለት ጣት ይዘዋል።
አይተነፍሱም።

በሁለተኛው ዙር፣ ዜማው ሊነሣ ሲል፣
ከኋላ ረድፍ አንድ ሰው ሳለ።
በጀርመኑ አልተሰማም ነበር፣ በጃፓኑም።
«አባቴ ነው» አሉ።
ስለ ባሱ ምንም አልተናገሩም።

ሸክላው አለቀ። መርፌዋ መሐል ላይ
ቸክ... ቸክ... ትላለች።
ሱሬንድራን ሊያነሣት እጁን ዘረጋ፤
«ተዋት» አሉት።
የመግሪብ አዛን እስኪሰማ ሦስታችንም ላባችንን ሳንጠርግ ቁጭ፤
ጀርመኑ አጠገባችን፣ ሰማያዊ መብራቱ
በከንቱ ፍጥጥ።